የመስተዋቱ ሰሌዳና የክረምቱ ሒሳብ፤ የወንጪና የወለንጪቲ ሙከራ ለድሬዳዋ ሲመዘን

በየዓመቱ ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፤ ሕፃናትም እስከ መስከረም ድረስ ከደብተርና ከጥቁር ሰሌዳ ይለያሉ። በዚህ ጊዜ ከመምህራንም ከወላጆችም ዘንድ አንድ ቅሬታ መሰማቱ የተለመደ ነው። ይኸውም በሰኔ ማካፈል ያውቅ የነበረው ልጅ በመስከረም ሲመለስ መቀነስ እንኳ ያስቸግረዋል የሚል ነው። ለዚህ ቅሬታ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ መድኃኒት ሲጠራ እንሰማለን፤ እርሱም ታብሌት የሚባለው የመስተዋት ሰሌዳ ነው። መሣሪያው ለልጁ ይሰጠው፤ ክረምቱን እየተጫወተ ሒሳቡን ይማር፤ በመስከረም በርትቶ ይመለስ ይባላል።

ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን መልካም ሐሳብም ቢሆን ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ ደጋፊዎቹም ማስረጃ ሲጠየቁ ፈጥነው የሚያነሡት በአገራችን የተደረገውን የወንጪንና የወለንጪቲን ሙከራ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሙከራውን እንደ አንድ መጽሐፍ ገልጬ፣ ምን እንደ ተባለለትና በእውነቱ ምን እንደ ተገኘበት ለይቼ፣ ከዚያም ለከተማችን ለድሬዳዋ ይበጅ እንደ ሆነ ለመመዘን አስቤአለሁ። ነገሩ እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ ይነካናል፤ በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የማጠናከሪያ ትምህርት እንድንሰጥ የምንጠራው እኛው ነንና። መሣሪያው ቢገዛ ከጎኑ የምንቆመው፣ ባይገዛም ጠመኔውን የምንይዘው እኛ እንሆናለን።

ሙከራው እንዲህ ነበር። በ2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2012) «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በኦሮሚያ ውስጥ ሁለት ሩቅ መንደሮችን መረጠ። አንደኛው በወንጪ ሐይቅ አፋፍ፣ ሁለተኛው በስምጥ ሸለቆ በወለንጪቲ በኩል የሚገኙ ናቸው። ሕፃናቱ ትምህርት ቤት አልገቡም ነበር። በየመንደሩ ወደ 20 ለሚሆኑ ልጆች ሞቶሮላ ዙም የሚባሉት ታብሌቶች በታሸገ ካርቶን እንዳሉ፣ ያለ አስተማሪና ያለ መመሪያ ተሰጡ፤ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉበትም መሣሪያ ተተከለ። የድርጅቱ መሥራች ፕሮፌሰር ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው የፈረንጅ ዓመት በጥቅምት ወር ውጤቱን በአንድ የቴክኖሎጂ ጉባኤ ላይ ሲያስረዱ፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን እንዳገኘ፣ በአምስት ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 ፕሮግራሞችን ይከፍት እንደ ነበር፣ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛውን የፊደል መዝሙር በመንደሩ ይዘምሩት እንደ ነበር፣ በአምስት ወርም ተቈልፎ የተሰጣቸውን ካሜራ ራሳቸው እንደ ከፈቱት ተናገሩ። ወሬውም በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ናኘ።

ይህን ሲሰማ የማይደሰት ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። እኔም ደስ ብሎኛል። ይሁን እንጂ ደስታችን ቀዝቀዝ ካለ በኋላ ቍጥሮቹን አንድ በአንድ መጠየቅ ይገባናል።

በቀን 47 ፕሮግራም ከፈተ ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ሰው ወደ ቤተ መጻሕፍታችን ገብቶ በአንድ ቀን 47 መጻሕፍት ቢገልጥ አነበበ አንለውም፤ ምናልባት የሚፈልገውን አጥቶ ይሆናል። የተቈጠረው መክፈት ነው እንጂ መማር አይደለም። የፊደሉ መዝሙርም እንደዚሁ ነው። የልጆቹ ቋንቋ ኦሮምኛ ሆኖ ሳለ የዘመሩት የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ በሰው ቋንቋ መዝሙር መያዝ የሕፃን ልማድ እንደ ሆነ ማናችንም እናውቃለን። ካሜራውን መክፈታቸው የልጆቹን ብልኅነት በእርግጥ ያሳያል፤ ግን ብልኅነታቸው ቀድሞም ያለ ነገር ነው። መሣሪያው የጨመረላቸውን ለማወቅ በፊትና በኋላ መመዘን፣ መሣሪያ ካላገኙ እኩዮቻቸውም ጋር ማስተያየት ያስፈልግ ነበር።

ከዚህም ሌላ «ያለ አዋቂ እርዳታ» የሚለው ቃል ተቃንቶ መነገር አለበት። በየመንደሩ ለአዋቂዎች የፀሐዩን መሣሪያ አያያዝ አስተምረዋል፤ ሠራተኛም በየሳምንቱ እየመጣ ልጆቹ የሠሩትን የያዘውን የማስታወሻ ካርድ ይለውጥ ነበር። አስተማሪ አልነበረም ማለት እውነት ነው፤ አዋቂ አልነበረም ማለት ግን እውነት አይደለም። ልጁ በየሳምንቱ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሥራውን ሊያይለት እንደሚመጣ ሲያውቅ ያ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያተጋው፣ ደብተሩ ሲታረምለት የደስታውን ያህል የሮጠ ሁሉ ይመሰክራል።

ትልቁ ነገር ግን ይህ ነው። ሙከራው የታሰበው ልጆች ራሳቸውን ማንበብ ማስተማር ይችሉ እንደ ሆነ ለማየት ነው። ስለ ሒሳብ የተመዘነና ለዓለም የተነገረ ውጤት የለውም። ፕሮፌሰር ኔግሮፖንቴ ራሳቸውም በዚያው ጉባኤ፣ ሊቃውንት የሚቀበሉት መደምደሚያ ላይ ለመድረስ ሌላ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት እንደሚያስፈልግ አልሸሸጉም። ተናጋሪው ያስቀመጡትን ማስጠንቀቂያ ጥለው ወሬውን ብቻ ያነሡት ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ናቸው። እንግዲህ ለሦስተኛ ክፍል የክረምት ሒሳብ ወንጪን ምስክር አድርጎ መጥራት፣ ለበሬ ሽያጭ የበግ ደረሰኝ እንደ ማቅረብ ይቈጠራል።

የዚህ ሙከራ ልጅ ነው ሊባል የሚችል ሌላ ሥራ ከዚያ በኋላ በታንዛንያ ተደርጓል፤ የኢትዮጵያውን ሥራ ከመሩት አንዱ የነበሩት ማት ኬለር የዚያኛውም ኃላፊ ነበሩና። ግሎባል ለርኒንግ ኤክስፕራይዝ በተባለው ውድድር ወደ 2,700 የሚሆኑ በታንጋ አውራጃ በ170 መንደሮች የሚኖሩ ሕፃናት ለ15 ወር ያህል ታብሌት ይዘው ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኪትኪት ስኩልና ዋንቢሊየን የተባሉት ሁለት ፕሮግራሞች የ10 ሚሊዮን ዶላሩን ሽልማት ተካፈሉ። ከወንጪው የሚበልጥበት ነገር ግልጽ ነው። ትምህርቱ ልጆቹ በሚያውቁት በስዋሒሊ ቋንቋ ነበር፤ ልጆቹም በመጀመሪያና በመጨረሻ ተፈትነዋል፤ መሻሻላቸውም ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ እነዚያ ልጆች በብዛት ትምህርት ቤት ያልገቡ ነበሩ። ከምንም ተነሥቶ ጥቂት ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ አራት ዓመት ተምሮ ሥሩን ሳይዝ ያለፈን ልጅ ማቃናት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የድሬዳዋው ልጅ የሁለተኛው ዓይነት ነው።

ለእርሱ የሚቀርበውን ማስረጃ የምናገኘው ከሕንድ አገር ነው። በቫዶዳራ ከተማ የአራተኛ ክፍል ልጆች በሳምንት ሁለት ሰዓት በኮምፒዩተር የሒሳብ ጨዋታ እንዲሠሩ ተደርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመው ጥናት በሒሳብ ትልቅ መሻሻል ታይቷል። በዚያው በጉጃራት ክፍለ ሀገር የተደረገና ሌይ ሊንደን እ.ኤ.አ. በ2008 ያቀረቡት ሌላ ጥናት ደግሞ ለእኛ እጅግ የሚጠቅም ልዩነት አሳየ። ኮምፒዩተሩ የመደበኛውን ክፍለ ጊዜ ቦታ ሲወስድ ልጆቹ ባይገባ ኖሮ ከሚያውቁት ያነሰ ዐወቁ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ተጨማሪ ሲሆን ግን ተጠቀሙ፤ በተለይም ደካሞቹ ልጆች። ክረምት በባሕርዩ ተጨማሪ ጊዜ ነውና ይህ ለታብሌቱ ደጋፊዎች ከወንጪ ይልቅ ጠንካራ ምስክር ነበር። ለምን እንደማይጠቅሱት አላውቅም፤ ምናልባት ካርቶን የሚከፍት ልጅ ስለሌለበት ይሆናል።

በደልሂ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የማይንድስፓርክ ጥናት ምክንያቱን ጭምር ይገልጻል። እዚያ የተገኙት የስድስተኛ ክፍል ልጆች በሒሳብ በአማካይ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ከክፍላቸው ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። መምህሩ የስድስተኛውን መጽሐፍ ሲያስተምር ልጁ የሦስተኛው ላይ ቆሞ ይሰማል። ፕሮግራሙ ግን ልጁ በእውነት ያለበትን ደረጃ ፈልጎ ከዚያ ይጀምር ነበር። ልጆቹ በቀን 45 ደቂቃ በኮምፒዩተሩ፣ 45 ደቂቃ ደግሞ ከአስጠኚ ጋር በትንሽ ቡድን ይሠሩ ነበር፤ በአራት ወር ተኩልም በሒሳብ የተገኘው ጥቅም በዚህ ዓይነት ጥናት ብዙ ጊዜ የማይታይ ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ የጊዜው እኩሌታ የሰው ነው።

በተቃራኒው በፔሩ 319 የገጠር ትምህርት ቤቶችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት፣ ላፕቶፕ ለልጆች መታደሉ በሒሳብም በቋንቋም ፈተና ያመጣው ለውጥ አለመኖሩን አሳይቷል። በእኛም አገር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተመሳሳይ አረንጓዴ ላፕቶፖች በብዙ ሺሕ ተሰጥተው ነበር። የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያገኙት ላፕቶፕ የያዙት ልጆች በረቂቅ አስተሳሰብ ፈተና አንዳንድ ብልጫ እንዳሳዩ ነው፤ ይህም መናቅ የለበትም፤ ግን ረቂቅ አስተሳሰብና የማካፈል ሥራ አንድ አይደሉም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ ሁሉ በፕላዝማው ጊዜ ያየነው አይደለምን?» ይላሉ። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን ሲጀመር፣ ከሩቅ የተዘጋጀው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይፈስ ነበር፤ መምህሩም በክፍሉ ጥግ ቆሞ ይሰማ ነበር። ንጽጽሩ ግማሽ እውነት አለው። መሣሪያ መምህርን ወደ ጥግ የሚገፋ ከሆነ የፕላዝማው ዕድል ይገጥመዋል። ሆኖም ቴሌቪዥኑ ማንንም አይጠብቅም ነበር፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያነሣ ሥዕሉ አልፎ ይሄዳል። ታብሌት ግን ይጠብቃል። ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ልጅ አራተኛውን ቢሞክር አይቈጣውም፤ ጓደኞቹም አይስቁበትም። የመሣሪያው ዋና ሀብት ይህ ትዕግሥት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሥዕሉና ዘፈኑ አይደለም።

እንዲህ ያለው ትምህርት ለእኛ እንግዳ እንዳልሆነም መናገር ያስፈልጋል። በድሬዳዋ የቁርኣን ቤቶች ሕፃኑ ሉሑን ይዞ ይቀመጣል፤ በእንጨቱ ላይ የተጻፈለትን አጥንቶ ለመምህሩ ያሰማል፤ ከያዘው ያጥበውና ሌላ ይጻፍለታል፤ ካልያዘው እዚያው ይቈያል። ጎኑ ያለው ልጅ ሌላ ምዕራፍ ላይ ነው። በቄስ ትምህርት ቤትም አንዱ ፊደል ሲቈጥር ሌላው ዳዊት ይደግማል፤ የበላዩ የበታቹን ያስጠናል። ሁሉም በየራሱ ደረጃ፣ ሁሉም በአንድ ጥላ ሥር። ደልሂ ላይ በኮምፒዩተር የተገኘውን ሥርዐት እነዚህ ቤቶች በእንጨትና በቀለም ሲሠሩበት ኖረዋል። ስልሳ ልጅ በአንድ ገጽ ላይ ማስኬድን ያመጣው ዘመናዊው ትምህርት ነው፤ አሁን መስተዋቱ የቀደመውን ሥርዐት በሌላ መልክ ሊመልስልን መጣ ማለት ይቻላል። (ሉሑ ኤሌክትሪክ አለመፈለጉን ግን ሳልጠቅስ ማለፍ አልቻልሁም።)

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተወለደች የንግድ ከተማ ናት። ክረምት ሲመጣ ብዙ ልጅ ቤት አይቀመጥም። በከፊራ ሎሚና ማንጎ ይሸጣል፤ በታይዋን ገበያ የአጎቱን ሱቅ ይጠብቃል፤ እናቱን በጉሊት ይረዳል። ይህ ልጅ ሒሳብ ረሳ የምንለው ልጅ ነው። ቀኑን ሙሉ መልስ ሲመልስ የሚውል ልጅ ሒሳብ እንዴት ሊረሳ ይችላል?

ይህን ጥያቄ በብራዚል ረሲፌ ከተማ ሦስት ተመራማሪዎች፣ ቴሬዚኛ ካራሄር፣ ዴቪድ ካራሄርና አናሉሲያ ሽሊማን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጥናት መርምረውታል። አንድ የ12 ዓመት ኮኮነት ሻጭ ልጅ የአንዱ ዋጋ 35 ሲሆን አራቱ ስንት እንደሚሆን ሲጠየቅ፣ የሦስቱን 105 አስቀድሞ ያውቃልና በእርሱ ላይ 30 ጨምሮ ቀጥሎም 5 ጨምሮ 140 አለ። ይኸው ልጅ በወረቀት 35 ሲባዛ በ4 ተብሎ ሲሰጠው ግን፣ 4 በ5 20፣ ሁለት በእጅ፤ 2 እና 3 5፣ 5 በ4 20 ብሎ 200 ጻፈ። በገበያ 140 ያለው አፍ በወረቀት 200 ሲጽፍ አላፈረም፤ ሁለቱ ሒሳቦች በልቡ ውስጥ አይተዋወቁምና። በጠቅላላው ልጆቹ በገበያ ከ100 ጥያቄ 98 ያህሉን ሲመልሱ፣ በወረቀት በምልክት ብቻ በቀረበው ከ100 37 ያህሉን ነው የመለሱት። እነዚህ አምስት ልጆች ብቻ ነበሩ፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2025 በኔቸር መጽሔት የወጣውና በኮልካታና በደልሂ ገበያዎች የሚሠሩ 1,436 ልጆችን የጠየቀው ጥናት ያንኑ አገኘ። የገበያው ዕውቀት ወደ ክፍል አይሻገርም፤ ትምህርት ቤት ብቻ የሚያውቁት ልጆች ደግሞ በተራቸው በገበያው ሒሳብ ደካሞች ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ በድሬዳዋ የክረምቱ ችግር መርሳት ብቻ አይደለም ብዬ እከራከራለሁ። የአሜሪካ ተመራማሪዎች፣ በተለይም ሐሪስ ኩፐርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996፣ የበጋ ዕረፍታቸው በአማካይ የአንድ ወር ያህል ትምህርት እንደሚያስረሳ፣ ከንባብም ይልቅ ሒሳብን እንደሚጎዳ ጽፈዋል፤ ከእነርሱ በኋላ የመጡ ግን የመለኪያውን አስተማማኝነት ተጠራጥረዋል። ያ መለኪያ የሚለካው የወረቀቱን ሒሳብ ነው። የከፊራው ልጅ የወረቀቱን ሲረሳ የአፉን እያሳደገ ነው። የሚያስፈልገው ድልድይ ነው። ታብሌቱ ከውጭ የመጣ ሥዕል፣ ፖምና ዶላር እየቈጠረ የሚመጣለት ከሆነ ሦስተኛ ሒሳብ ጨመረበት እንጂ ሁለቱን አላገናኘለትም። «አምስት ኪሎ ማንጎ እያንዳንዱ በዚህን ያህል ብር» ብሎ ጠይቆ፣ ልጁ በቃሉ የመለሰውን በመስተዋቱ ላይ በምልክት ጽፎ የሚያሳየው ፕሮግራም ግን ዋጋ አለው። ይህን ለመሥራት ከባሕር ማዶ ሰው መምጣት የለበትም፤ በኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ያሉ ጓደኞቻችን ሊሠሩት ይችላሉ።

የቋንቋውም ነገር በዚሁ ይከተላል። በድሬዳዋ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ «ተርጉመን እንጭነዋለን» ሲባል ይሰማል፤ ግን ቍጥር በትርጉም ብቻ አይተላለፍም። 25ን አማርኛ ተናጋሪው «ሃያ አምስት» ይላል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው «ዲግዳሚ ሻን» ሲል እርሱም ሃያውን ያስቀድማል። ሶማልኛ ተናጋሪው ግን «ሻን ኢዮ ለባታን»፣ ማለት አምስትና ሃያ ይላል፤ አረብኛውም እንደዚሁ ነው። ጽሕፈቱ ለሁሉም 2 ከዚያ 5 ነው። ስለዚህ የሶማሌው ልጅ የሰማውን በቅደም ተከተል ቢጽፍ 52 ይጽፋል፤ ስሕተቱም የሰነፍነት ሳይሆን የጆሮ ነው። በጀርመንኛ ቍጥር የሚቈጥሩ ልጆች በዚሁ ምክንያት እንደሚሳሳቱ በጥናት ተረጋግጧል። አንድ ፕሮግራም ይህን ሳያውቅ «ተሳስተሃል» ብቻ ቢለው ልጁ ሒሳብ አልችልም ብሎ ይደመድማል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ከውጭ የተሠራው ጨዋታ ከቁርስ ሰዓት አጠገብ 7 ያሳየዋል፤ በቤቱ ግን ያ ሰዓት አንድ ሰዓት ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን የስምንት ዓመት ልጅ መሣሪያው ተሳስቷል ብሎ ለመከራከር ድፍረት የለውም።

ስለ ሙቀትና ስለ መብራት ባጭሩ ልናገር። የብዙዎቹ ታብሌቶች አምራቾች ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት እንዳይሠራባቸው ያስጠነቅቃሉ፤ በድሬዳዋ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ቀትር ከዚያ ያልፋል። በክረምቱ ጥቂት ቢበርድም በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሙቀቱ ያው ነው። ጠዋት መሥራት ይሻላል። በኢንተርኔት ላይ መመሥረትም አያዋጣም፤ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ እንደ ነበር አንረሳም። ፕሮግራሙ በመሣሪያው ውስጥ መቀመጥ አለበት። ከሁሉም በላይ ግን የደቻቱን ወንዝ ማሰብ ይገባል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደረሰው ጎርፍ ከ200 ሰው በላይ ፈጅቷል። ክረምት በሌላ ከተማ ዕረፍት ማለት ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ከተማ ግን ወላጅ ደመናውን እያየ ልጁን የሚያስቀርበት ወቅት ነው። የማጠናከሪያው ቦታ በከዚራ ብቻ ከሆነ የመጋላው ልጅ በየዝናቡ ይቀራል፤ ስለዚህ በሁለቱም ዳር መሆን አለበት።

መሣሪያውን ለየቤቱ ማደል ነው ወይስ በአንድ ቦታ መጠቀም የሚለው ጥያቄ ብዙ ያከራክራል። እኔ በቦታ መጠቀሙን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ስርቆት ወይም ብልሽት አይደለም፤ እነዚህም አሉ። ዋናው ምክንያት በደልሂ ያየነው የሰው እኩሌታ ቤት ውስጥ አለመገኘቱ ነው። ማንበብ የሚያውቅ ታላቅ ወንድም ያለው ልጅ ቤቱ ሆኖም ይጠቀማል፤ የሌለው ግን 47 ፕሮግራም ሲከፍት ይውላል። እንዲህ ሆኖ ቀድሞ የነበረው ልዩነት ይሰፋል። ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት መጋቢት 2012 ዓ.ም. በተዘጉ ጊዜ ትምህርቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን ሲሰጥ፣ በገጠሩና በከተማው ልጅ መካከል ያለው የሒሳብ ልዩነት መስፋቱን በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት አሳይቷል።

ለታብሌት ገንዘብ ባይገኝስ? በዚያው የኮሮና ጊዜ ቦትስዋና ውስጥ የተደረገ ሥራ መልስ ይሰጣል። አስጠኚዎች በሳምንት አንድ ጊዜ ለ20 ደቂቃ ያህል ወደ ወላጅ ስልክ እየደወሉ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ከልጁ ጋር ይሠሩ ነበር፤ ጥያቄዎችም በአጭር መልእክት ይላኩ ነበር። ቁልፍ ባለው ተራ ስልክ የተሠራው ይህ ሥራ የልጆቹን ሒሳብ እንዳሻሻለ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ታብሌት መግዛት ብቻውን ሥራ እንዳልሆነም የሕዝብ ቈጠራው ያስታውሰናል፤ ለእርሱ ታብሌቶች ከተገዙ በኋላ ቈጠራው በ2011 ዓ.ም. ተራዝሟል።

ስለዚህ ታብሌት አያስፈልግም አልልም፤ ወንጪ አያረጋግጠውም እላለሁ። ለድሬዳዋ ልጅ የሚበጀው፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሆነ፣ ልጁ ካለበት ደረጃ የሚጀምር፣ በቤቱ ቋንቋ የሚናገር፣ ከገበያው ሒሳብ ወደ ወረቀቱ የሚያሻግርና ከጎኑ አስጠኚ የተቀመጠበት ትምህርት ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ምን ያህል እንደሚጎዳ እኛው ልንለካው እንችላለን።

የምርምር ክበባችን በሚመጣው ክረምት ሊሞክረው የሚችለው ሥራ ከባድ አይደለም። በሰኔ መጨረሻ ለአራተኛ ክፍል ልጆች ሁለት ፈተና ይሰጥ፤ አንዱ በቃል፣ በብርና በኪሎ፤ ሁለተኛው ያንኑ ቍጥር ይዞ በወረቀት፣ በምልክት ብቻ። ልጆቹ በዕጣ በሦስት ይከፈሉ፤ አንደኛው ክፍል ታብሌትና አስጠኚ፣ ሁለተኛው አስጠኚና ጠመኔ ብቻ፣ ሦስተኛው በዚህ ክረምት ምንም ሳያገኝ በሚቀጥለው ተራውን የሚያገኝ ይሁን። ፈታኙ የትኛው ልጅ በየትኛው ክፍል እንደ ነበረ አይወቅ። በመስከረም ሁለተኛው ሳምንት እነዚያው ሁለት ፈተናዎች ይደገሙ። ሶማልኛ ተናጋሪዎቹ 25ን 52 ብለው የጻፉበት ወረቀት ሁሉ ለብቻው ይቀመጥ፤ አሁን ባለው አሠራር ስሕተት ተብሎ በቀይ ቀለም ተሰርዞ የሚጣለው እርሱ ነውና።